“ደረቅ” የሚለው ቃል ልኬት ያስፈልገዋል

“ጠጅ በብርሌ፣ ነገር በምሳሌ” ይባላል። በዛሬው ጽሑፍ ምሳሌውን ከሩቅ አገር፣ ብርሌውን ደግሞ ከደጃችን እንወስዳለን። ምሳሌው የጀርመን ደረቅ ነጭ ወይን ነው። ብርሌው የሰበታ፣ የቡራዩ፣ የሱሉልታና የኮዬ ፈጬ ዙሪያ አርሶ አደር የሚያመርተው ማር፣ ጌሾ፣ ወተትና የጓሮ አትክልት ነው። የግብርና ገጽ ስለ መጠጥ ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ሆኖም በአገራችን ከሚመረተው ማር አብዛኛው የሚሄደው ወደ ጠጅ ጋን ነው። ጠጁ ሲከበር ማሩ ይከበራል፤ ጠጁ በስኳር ሲተካ ማር አምራቹ ገበያ ያጣል። ስለዚህ ጉዳዩ ከመጠጥ ቤቱ በፊት የማሳው ጉዳይ ነው።

ከምሳሌው እንጀምር። ጀርመን ወደ 100 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ የወይን ማሳ አላት። ከዚህ ውስጥ ሩብ ለመሙላት ጥቂት የሚቀረው የተሸፈነው ሪዝሊንግ በሚባለው ነጭ ወይን ነው። ሪዝሊንግ በሞዘል ወንዝ ዳር በሚገኙ ቀጥ ያሉ ድንጋያማ ቁልቁለቶች ላይ ሳይቀር ይለማል። አካባቢው ቀዝቃዛ በመሆኑ ፍሬው ቀስ ብሎ ይበስላል፤ ኮምጣጣነቱንም አይለቅም። ከዚህ ፍሬ ጣፋጭም ደረቅም ወይን ይጠመቃል። ገዢው የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚለየው ከጠርሙሱ ላይ በተጻፈ አንድ ቃል ነው፤ “ትሮከን” ይላል፤ ደረቅ ማለት ነው።

ዋናው ቁም ነገር ይህ ቃል እንዲያው ለማድመቂያ የሚለጠፍ አለመሆኑ ነው። በሕጉ መሠረት አንድ ወይን ደረቅ ለመባል በሊትር ውስጥ የቀረው ስኳር ከ4 ግራም መብለጥ የለበትም። ኮምጣጣነቱ ከፍ ያለ ከሆነ እስከ 9 ግራም ይፈቀድለታል፤ ይህም የአሲዱ መጠን ከስኳሩ ከ2 ግራም በላይ ካላነሰ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን እስከ 18 ግራም ድረስ “ከፊል ደረቅ” የሚባል ሌላ ስም አለው። ወይን አምራቹ፣ ነጋዴው፣ ምግብ አብሳዩና ጠጪው በአንድ ቃል ይግባባሉ። ቃሉ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩም በቤተ ሙከራ ይረጋገጣል።

ቃሉ ልኬት ስላለው ማዕዱም ሥርዓት ያዘ። ጀርመኖች በጸደይ ወራት ነጭ አስፓራገስ የሚባል አትክልት በቅቤ አብስለው ከደረቅ ነጭ ወይን ጋር ያቀርባሉ። የአስፓራገሱ ምርት በልማድ ሰኔ 24 ቀን (እ.ኤ.አ.) ይቆማል፤ እስከዚያ ድረስ ገበሬው አትክልቱን፣ ወይን አምራቹ ወይኑን፣ ምግብ ቤቱ ማዕዱን በአንድነት ይሸጣሉ። የወንዝ ዓሣ፣ የዶሮ ሥጋ፣ የፍየል ወተት አይብም ከደረቅ ነጭ ወይን ጋር ይስማማሉ የሚባሉ ናቸው። ምክንያቱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በተጠበሰ ዓሣ ላይ ሎሚ የምንጨምቀው ኮምጣጣው ቅባቱን እንዲቆርጥልን ነው። ደረቅና ኮምጣጣ ወይንም የሚሠራው ይህንኑ ሥራ ነው።

በአንጻሩ በርበሬ የበዛበት ምግብ ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ማቃጠሉ ይብሳል፤ ጥቂት ጣፋጭነት ግን ያበርደዋል። በዚህ ምክንያት የወይን አዋቂዎች ለሚያቃጥል ምግብ ከደረቁ ይልቅ ከፊል ደረቁንና አልኮሉ ዝቅ ያለውን ሪዝሊንግ ይመርጣሉ። ይህን ነጥብ እንያዘው፤ ወደ እኛ ማዕድ ስንመለስ ይጠቅመናል።

ልኬት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ደግሞ የጎረቤታቸው የኦስትሪያ ታሪክ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1985 አንዳንድ የኦስትሪያ ነጋዴዎች ወይናቸው ጣፋጭና ወፍራም እንዲመስል ዳይኢቲሊን ግላይኮል የተባለ መርዛማ ኬሚካል ሲጨምሩበት ተደረሰባቸው። ከእነሱ የገዙትን ከራሳቸው ጋር ቀላቅለው የሸጡ የጀርመን ጠርሙስ ሞይዎችም በነገሩ ውስጥ ተገኙ። ጥፋተኞቹ ጥቂቶች ነበሩ፤ የኦስትሪያ የወይን ኤክስፖርት ግን ተሽመደመደ። በንጽሕና ይሠራ የነበረው ገበሬ ከአጭበርባሪው እኩል ተቀጣ። አገሪቱ በዚያው ዓመት ጥብቅ ሕግ አወጣች፤ ስሟን መልሳ ያደሰችውም ከረጅም ዓመታት በኋላ፣ በተለይ በደረቅ ነጭ ወይኗ ነው። እኛ ይህን ነገር በአንድ አባባል እንቋጨዋለን፦ “ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ።”

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ደረቅ ነጭ ወይን በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ በልደታና በመካኒሳ ሲጠምቅ የኖረው አዋሽ ወይን ጠጅ “ክሪስታል” የሚባል ደረቅ ነጭ ወይንና “አክሱማይት” የሚባል ጣፋጭ ወይን አለው። የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ደግሞ በባቱ (ዝዋይ) ወደ 120 ሄክታር በሚጠጋ መሬት ላይ 750 ሺህ ያህል ከፈረንሳይ የመጡ የወይን ችግኞችን ተክሎ እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች ለገበያ አቅርቧል። ከተከላቸው ዝርያዎች አንዱ ሻርዶኔ የተባለው ነጭ ወይን ነው።

ይህን የሰማ የወረዳ ኃላፊ ወይም አርሶ አደር “እኛስ ለምን ወይን አንተክልም?” ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር አካባቢ የሚገኝ፣ ፀሐይ የሚበዛበት የስምጥ ሸለቆ መሬት ነው። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። ሰበታና ቡራዩም ደጋ ናቸው፤ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ የሚዘንብባቸው ሲሆን አብዛኛው የሚወርደው በክረምት ነው። የወይን ተክል ቅጠሉ ለረጅም ጊዜ ሲረጥብ በሻጋታ በሽታዎች ይጠቃል፤ ፍሬው ስኳር የሚሞላው ደግሞ ሙቀትና ፀሐይ ሲያገኝ ነው። በጓሮ ለጥላና ለፍሬ አንድ ሁለት ሐረግ መትከል ሌላ ነገር ነው። በመንግሥት በጀት ችግኝ አፍልቶ ማሳው የጠበበበትን አርሶ አደር በደጋ ወይን ትከል ማለት ግን ትርፉ ድካም ብቻ ነው።

ከዚህ ይልቅ አምላክ ለደጋው የሰጠው የራሱ ወይን አለ፤ እሱም ጠጅ ነው። ጠጅ በጥንቃቄ ሲጠመቅና ስኳሩ ሲያልቅ በጠባዩ ከደረቅ ነጭ ወይን የሚርቅ አይደለም። ጥሬ ዕቃው በሙሉ እዚሁ ይገኛል። የእንጦጦንና የሱሉልታን ተራሮች የሞላው ባሕር ዛፍ፣ መስከረም ሲጠባ ሜዳውን የሚያለብሰው አደይ አበባ፣ በየአጥሩ የሚገኘው ግራዋ ሁሉም የንብ ቀሰም ናቸው። ጌሾም በደጋና በወይና ደጋ ጓሮ በሚገባ ይበቅላል።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ችግሩ ከቃሉ ይጀምራል። በጠጅ ቤቶቻችን “ለስላሳ”፣ “መካከለኛ” እና “ደረቅ” የሚባሉ ሦስት ደረጃዎች አሉ። ነገር ግን “ደረቅ” ሲባል ብዙ ጊዜ የሚፈለገው “ጠንካራ፣ ቶሎ የሚያሰክር” ማለት ነው። በወይን ቋንቋ ደግሞ ደረቅ ማለት ስኳሩ ያለቀ ማለት እንጂ አልኮሉ የበዛ ማለት አይደለም። ሁለቱ ትርጉሞች ስለተደባለቁ የአንዱ ቤት ደረቅ ጠጅ ከሌላው ቤት ለስላሳ የበለጠ ጣፋጭ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

እስቲ በቀላል ስሌት እንየው። አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከክብደቱ 80 በመቶ ገደማው ስኳር ነው። ስለዚህ በአንድ ሊትር ማር ውስጥ 1.1 ኪሎ ግራም ያህል ስኳር አለ። አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውኃ ሲበረዝ በእያንዳንዱ ሊትር ብርዝ ውስጥ 280 ግራም የሚጠጋ ስኳር ይገባል። አንድ በመቶ አልኮል ለማውጣት 17 ግራም ያህል ስኳር ስለሚፈጅ፣ ይህ ብርዝ ስኳሩ ሙሉ በሙሉ ቢያልቅ አልኮሉ 16 በመቶ ይደርሳል። እርሾው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ሳይደርስ ይደክማል፤ ስለዚህ ጠጁ ጠንካራም ጣፋጭም ሆኖ ይቀራል። አንድ እጅ ማር በአምስት እጅ ውኃ ሲበረዝ ግን ስኳሩ በሊትር 187 ግራም አካባቢ ይሆናል። እርሾው ይህን ሊጨርሰው ይችላል፤ ጠጁም 11 በመቶ አካባቢ አልኮል ያለው፣ በእውነት ደረቅ የሆነ መጠጥ ይወጣዋል። ይህም ከብዙዎቹ የጀርመን ደረቅ ወይኖች ጋር የሚቀራረብ ጥንካሬ ነው።

ከዚህ ስሌት ጠማቂውም አርሶ አደሩም አንድ ነገር ይማራሉ። እውነተኛ ደረቅ ጠጅ በሊትር የሚፈጀው ማር ያነሰ ነው፤ የሚፈልገው ተጨማሪ ጊዜና ንጽሕና ነው። ጌሾውም መጠን ይሻል፤ ጣፋጭነቱ ሲጠፋ መራራነቱ ብቻውን ጎልቶ ይወጣልና። በማሩ ላይ የነበረ ጉድለትም አብሮ ይጋለጣል። ጭስ የገባበት፣ እጭና እንጀራው አብሮ የተጨመቀ፣ ወይም ሳይደርስ የተቆረጠ ማር በጣፋጭ ጠጅ ውስጥ ሊደበቅ ይችላል፤ በደረቅ ጠጅ ውስጥ ግን መደበቂያ የለውም። ስለዚህ ደረቅ ጠጅ የሚጠምቅ ሰው ለጥሩ ማር ጥሩ ዋጋ ለመክፈል ይገደዳል። አርሶ አደሩ ማሩን በዘመናዊ መንገድ ለማምረት የሚበረታታው በስብሰባ ምክር ሳይሆን እንዲህ ያለ ገዢ ሲያገኝ ነው።

አሁን ያለው ሁኔታ ግን ተቃራኒው ነው። ስኳር ከማር ስለሚረክስ፣ በስኳርና በቀለም የተሠራ መጠጥ “ጠጅ” እየተባለ የሚሸጥበት ቦታ አለ። ጠጪው አያውቅም፤ የሚለካለትም የለም። ማር አምራቹ ከስኳር ዋጋ ጋር እንዲወዳደር ይገደዳል፤ መወዳደር ሲያቅተው ቀፎውን ይተዋል። በንጽሕና የሚጠምቁ እናቶችም የልፋታቸውን ዋጋ አያገኙም። የኦስትሪያው ገበሬ ያለ ጥፋቱ የተቀጣው በዚሁ መንገድ ነበር።

ስለ ማዕዱም እንነጋገር። ከላይ ያነሳነውን ነጥብ ወደ እኛ ምግብ ብናመጣው እንዲህ ይሆናል። በሎሚ የተጠበሰ ዓሣ፣ በርበሬ ያልበዛበት የበግ ጥብስ፣ ጎመን በአይብ፣ የሽምብራ ቆሎ ከደረቅ ጠጅ ጋር ይስማማሉ። ክትፎ ቅቤው ደረቁን ይፈልጋል፤ ሚጥሚጣው ግን አልኮሉ እንዳይበዛ ያስጠነቅቃል፤ ስለዚህ ቀለል ያለና ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ጠጅ ከአይቡ ጋር ይሻለዋል። ዶሮ ወጥና ቀይ ወጥ ግን ለለስላሳው ይተው፤ የበርበሬውን እሳት የሚያበርደው የማሩ ጣዕም ነው። ይህ ሕግ አይደለም፤ የየቤቱ ምላስ ይለያያል። ነገር ግን ምግብ ቤቶች ይህን ለይተው ማቅረብ ቢጀምሩ እያንዳንዱ ማዕድ ለአርሶ አደሩ የግዢ ትእዛዝ ይሆናል።

የሚያስደስተው ደግሞ የዚህ ማዕድ ግብዓት በሙሉ በአዲስ አበባ ዙሪያ መገኘቱ ነው። ሱሉልታ የወተት አገር ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የወተት ፍላጎት ሲቀንስ አምራቹ ወተቱን በርካሽ ለመሸጥ ይገደዳል። ያንን ወተት ጠንከር ወዳለና ወደሚቆይ አይብ ቢለውጠው ለፋሲካ የሚሸጠው ይኖረዋል። በሰበታ የብሔራዊ ዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ፤ ኩሬ ቆፍሮ ዓሣ ማርባት የሚፈልግ ወጣት ምክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አይጠበቅበትም። ከቡራዩ በአምቦ መንገድ ጥቂት ሲኬድ የሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል ይገኛል። ኮዬ ፈጬ ደግሞ ትናንት የጤፍና የሽምብራ ማሳ የነበረ፣ ዛሬ ብዙ ሺህ ቤተሰብ በኮንዶሚኒየም የሚኖርበት ቦታ ነው። የጥቁር አፈሩ አርሶ አደር ማሳ ጠቧል፤ ገበያው ግን ከደጁ ድረስ መጥቷል። ጠባብ መሬት ላለው ሰው ደግሞ ከቀፎ፣ ከጌሾ አጥርና ከጎመን መደብ የተሻለ የሚስማማ ሥራ ጥቂት ነው። ቀፎ ሄክታር አይጠይቅም፤ ንቧ ቀሰሟን ከጎረቤት ማሳም ከተራራውም ታመጣለች።

ለዚህ ግን አርሶ አደሩ በራሱ በኩል ሊያደርገው የሚገባ አለ። አንደኛ፣ ማር ሲቆርጥ የታሸገውን እንጀራ ብቻ ይቁረጥ። ያልታሸገ ማር ውኃው ብዙ ነው፤ በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ የማር እርጥበት በአጠቃላይ ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ሁለተኛ፣ ጭሱን ይመጥን። ሦስተኛ፣ ፀረ አረምና ፀረ ተባይ የሚረጭ ከሆነ ሰብሉም አረሙም አበባ ላይ እያለ አይርጭ፤ ግድ ከሆነም ንቦች ወደ ቀፏቸው ከተመለሱ በኋላ ወደ ማታ ይርጭ፤ ለጎረቤቱም አስቀድሞ ይንገር። የስንዴ ማሳውን ለማዳን የጎረቤቱን ቀፎ የሚያጠፋ ሰው የራሱን የሽምብራና የባቄላ አበባ የሚጎበኙትንም ንቦች ያጠፋል። አራተኛ፣ ማሩን በተናጠል ከመሸጥ ተደራጅቶ በአንድ ጥራት ማቅረብ ይሻላል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ።

ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታንና ኮዬ ፈጬን በአንድ አስተዳደር ያሰባሰበው የሸገር ከተማ ከተመሠረተ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ፣ የግብርና ጽሕፈት ቤቶች የሥራ ድርሻ ከገጠሩ ወረዳ የተለየ መልክ ይዟል። ለእነዚህ ኃላፊዎች ሦስት ሐሳቦችን ማቅረብ እወዳለሁ። የመጀመሪያው፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ሁለት መሣሪያ ይኑራቸው፦ የማርን እርጥበት የሚያሳይ ሪፍራክቶሜትርና በብርዝ ውስጥ ያለውን ስኳር የሚጠቁም ሃይድሮሜትር። ሃይድሮሜትር በፈሳሹ ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል የመስታወት ዘንግ ነው፤ ሲጠነሰስና ሲደርስ ሁለት ጊዜ ቢለካ ጠጁ ምን ያህል እንደደረቀ ያሳያል። ሁለተኛው፣ ከኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ጋር በመነጋገር “የማር ጠጅ” የሚለው ስም ከማር ለተሠራው ብቻ እንዲሆን፣ “ለስላሳ” እና “ደረቅ” የሚሉት ቃላትም በሊትር በሚቀረው ስኳር እንዲለዩ ግፊት ይደረግ። ሦስተኛው፣ ቁጥጥሩ ከማስተማር ይጀምር። በቤቷ የምትጠምቅን እናት በቅጣት ማባረር መልካም ጠጅ አያመጣም፤ ስኳርን ማር ብሎ የሚሸጠውን ግን መለየትና መጠየቅ ያስፈልጋል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሱ ተቃውሞዎች እንደሚኖሩ ይታወቃል። አንደኛው ከሃይማኖትና ከጤና አንጻር ነው። በአካባቢያችን አልኮል ፈጽሞ የማይቀምሱ ብዙ ወገኖች አሉ፤ ውሳኔያቸው ሊከበር ይገባል። ሕጉም ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሰው አብዝቶ እንዲጠጣ ማድረግ አይደለም። እንዲያውም የሚጠጣውን የሚያውቅ ሰው፣ ከምግብ ጋር በመጠን የሚጠጣ ሰው፣ በባዶ ሆዱ ጥንካሬውን የማያውቀውን ብርሌ ከሚደጋግም ሰው ይሻላል። ከጠጅ ውጪም ጥሩ ማር ለቁርስ፣ ለብርዝና ለውጭ ገበያ ይፈለጋል፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ማር ወደ አውሮፓ ኅብረት መላክ ከሚችሉ አገሮች ተርታ ነች። ጥራት ለአንዱ ገዢ ተብሎ ሲሠራ ለሁሉም ይጠቅማል።

ሁለተኛው ተቃውሞ “ልኬት ሲመጣ ባህሉ ይጠፋል” የሚል ነው። ይህም ሊታሰብበት ይገባል። የእያንዳንዱ ቤት ጠጅ የራሱ እጅ አለው፤ የጌሾው አቀማመጥ፣ የጋኑ እጥነት፣ የማሩ አበባ ሁሉ ይለያያል። ነገር ግን ሕጉ የሞዘሉን ገበሬ ወይን ከጎረቤቱ ወይን ጋር አንድ ዓይነት አላደረገውም። ሕጉ ያደረገው ነገር ቢኖር “ደረቅ” ብሎ የሸጠው ደረቅ መሆኑን ማረጋገጥ ብቻ ነው። ጣዕሙ የገበሬው፣ የተራራውና የዓመቱ ሆኖ ቀርቷል። የእኛም የማር ጠጅ ልኬት ቢወጣለት የሚጠፋው የሰው እጅ ሳይሆን የሐሰት ስም ነው።

አዲስ አደይ አበባ ሲፈነዳ፣ የኅዳር ማር ሲቆረጥ፣ ገዢ ወደየመንደሩ ይመጣል። በዚያን ጊዜ የወረዳው ባለሙያ መለኪያውን ይዞ፣ አርሶ አደሩ የታሸገ እንጀራውን ይዞ፣ ጠማቂዋም ምን እንደምትገዛ አውቃ ቢገናኙ የመጀመሪያው እርምጃ ተወሰደ ማለት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ትልቅ ፋብሪካና ከባሕር ማዶ የሚመጣ ችግኝ አይደለም። ቃላችንን በልኬት ማሰርና ማር ለሆነው ማር የማር ዋጋ መክፈል በቂ ነው።